የሰባት ንዝረት ሙግት

ሳጥኑን የሸጠልኝ ሰው፣ ሸዋ በር ላይ፣ በጥቅምት ብርድ፣
«አስር ሚሊዮን ነው» አለኝ፣ «ቢወጣ ቢወርድ አንድ።»
ማለ። ልጆቹን ጠርቶ ማለ። እኔም አመንኩ፣ ከፈልኩ፣
ወስጄ ከጦሳ ጭጋግ ስር፣ ከመደርደሪያዬ አኖርኩ።
ውስጡ ያለችው ክሪስታል ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም፣
በሰከንድ አስር ሚሊዮን ጊዜ ትርገበገባለች፣ አትደክምም።

ማታ በሠላሳ ሜትር ላይ ከሙደሲር ጋር ስንገናኝ፣
በሞርስ ቁልፉ ቀጭ ቀጭ፣ «ሰባት ንዝረት ከፍ ብለሃል» አለኝ።
«አንተ ነህ ዝቅ ያልከው!» አልኩት። ምስክሬ የሻጩ መሐላ ብቻ፣
የሱም ካጎቱ የወረሰው ቆጣሪ፣ ቆርቆሮ ስር፣ ኮምቦልቻ።
ሰባት ከአስር ሚሊዮን፤ ከኩንታል ጤፍ ቁንጣሪ አይሞላ፤
ለዚህ ተኳረፍን ሁለት ሳምንት፣ የልጅ ጓደኛ እንደተጣላ።

ባቲ ገበያ እንደተገናኙ ሁለት ሻጮች ሆንን፣
ሸማ በክንድ ስንለካ፣ የየራሳችንን ክንድ አምነን።
አጭሩ ረጅሙን «ሌባ!»፣ ረጅሙም አጭሩን ይላል፤
ክንድን የሚለካው ክንድ ግን ከየት ይመጣል?

እሁድ ሐረጎ ላይ ተቃጠርን፣ ዳገቱ እኩሌታ፣
ሁለቱን ሳጥን በመኪና ባትሪ አስነሳን በአንድ ቦታ።
ሰባት ሆኖ የለያየን እዚያ ወደ አራት ወረደ፤
ብርዱም ሙቀቱም የየድርሻውን ይዞ ሄደ።
ሙደሲር ዝም። እኔም ዝም። ከባድ መኪና በፍሬን ሲያቃስት።
አራት በምን ይከፈላል? ለኔ ሁለት፣ ለሱ ሁለት?
እንደ እርቅ ካሣ እኩል ብንካፈለው ስህተቱን፣
ክሪስታል ሽማግሌ አትሰማም፤ ይዛ ትቀመጣለች እውነቱን።

እትየ ዘምዘም፣ ሆጤ የቤተ ሙከራ ጠባቂ የነበረች፣
መነጽሯን በክር ያሰረች፣ ነገራችንን ሰምታ ሳቀች።
«ሁለት ከሳሽ ናችሁ፤ እማኝ የላችሁም መካከል፤
ከባሕር ማዶ በአጭር ሞገድ የሰዓት ምልክት ይላካል።
እሱን ያዙ፤ ከየሳጥናችሁ ድምፅ ጋር አዋህዱ፤
እብጥ ሟሸሽ ሲል ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ ፍረዱ።»

ከደጇ ባሕር ዛፍ እስከ ጎረቤቷ አጥር ሽቦ ወጥረን፣
ሽሽታ። ሹክሹክታ። ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ ቋ… ቋ… ምቱን አገኘን።
የኔ ሳጥን ድምፅ ከዚያኛው ላይ ሲያርፍ አበጠ፣
እንደ ሐይቅ ዳር ውሃ መጣ፣ ቆየ፣ ሸሸ፣ ሰመጠ።
በአስር ሰከንድ ሃያ ቆጠርኩ፤ ሁለት ንዝረት ነው ስህተቴ፤
ግን ወዴት? ከፍ ነው ዝቅ? ምቱ ወገን አይለይም፣ በሞቴ!
እትየ ዘምዘም ብሎኗን በጥፍሯ ጫፍ ሽቅብ ነካች፤
ምቱ ፈጠነ። «ድሮም ከፍ ብለህ ነበር፤ ይኸው» አለች።
የሙደሲር ሠላሳ ቆጠረ፤ ስትነካው ግን ዘገየ፤
ዝቅ ያለው እሱ ኖሯል፤ ፊቱን አዞረ፣ ጦሳን አየ።

እኔም ደስ ሊለኝ ሲል ጀምበር ጠለቀች፤ ዳኛው ራሱ ዋለለ፣
ሃያ የነበረው ሃያ ሦስት፣ መልሶ አስራ ስምንት አለ።
«ምን ነካው?» «እሱን ምንም፤ ሲመሽ የሰማይ ጣራ ይነሳል፤
ንጉሥ ቃሉን ባይለውጥ እንኳ መልክተኛ በመንገድ ያዛባል።
ቀትር ላይ ስሙት፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ጻፉት፤
የአንድ ምሽት ቁጥር ወሬ ነው፤ ፍርድ ብላችሁ አትጥሩት።
ደግሞ ክሪስታል ታረጃለች፤ በየዓመቱ ጥቂት ትሸሻለች፤
በልጅነቷ ነው ጥድፊያዋ፤ ስትከርም ትረጋለች።»

ሳምንት ጻፍኩ። (እውነቱን ለመናገር፣ ለሰላምታ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤
ሁለት ንዝረት ወዲህ ወዲያ ቢል የሞርስ ጆሮ አይቀየምም።)
በሰባተኛው ቀን ብሎኗን ላዞር መፍቻ አነሳሁ፤
ቆየሁ። መለስኩት። እስክሪብቶ ፈለግሁ።
በፕላስተር ላይ፣ ሻጩ ከለጠፈው «ትክክል» ጎን፦
«ሁለት ከፍ ይላል። ቀትር። አስራ አራት ዲግሪ። ታኅሣሥ ሦስት ቀን።»
ከስሩም፦ «በመጋቢት እንደገና ይጠየቅ።»
ማታ ሙደሲር በቁልፉ መጣ፣ እንደ ወትሮው ሦስት ዝቅ፤
ማዞሪያዬን ጥቂት አዞርኩና፣ «ደህና አመሸህ?» አልኩት ከሩቅ።